ዐይን ጨፍኖ መቀመጥ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሁሉንም አስረክቤአለሁ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ፣ የአንጎል መለኪያ ማሽኑን ከነሽቦው፣ የሰው ራስ የምለካበትን የልብስ ሰፊ ሜትር ሳይቀር አስቆጥሬና አስፈርሜ ነው የወጣሁት። ያላስረከብሁት ነገር ቢኖር ሁለት ጥቅል ወረቀት ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁለቱም «አይሆኑም» ተብለው የተጣሉ ናቸውና። በሁለቱም ላይ የተመዘገበው የአንድ ሰው ራስ ነው፤ የአያ ጫኔ። ወረቀቱን እቤቴ ላስቀምጥ ብዬ አስፈቅጄዋለሁ፤ ታሪኩንም እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱው ነው። «ምን ይሠራልሻል?» ብሎ ሥቆብኛል።

ለምን እንደያዝኋቸው እንዲገባችሁ ከወገዳ መጀመር አለብኝ።

ሥራ የጀመርሁት ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ነው። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ስለሆንሁ ወገዳ ስመደብ እናቴ ልቅሶ የተቀመጠች መስላ ነበር። በክረምት መኪና አይገባም፣ ደመወዝ ዘግይቶ ይመጣል፣ የምተኛባት ቤት ጣሪያ ታፈስ ነበር፤ እሱን ተዉት። እዚያ ያገኘሁት ሰው ግን ለሠላሳ ሁለት ዓመት በቅቶኛል። ጋሼ ደመላሽ ይባላሉ። በድሬሰርነት ጀምረው ነርስ የሆኑ፣ ረጅምና ኮስታራ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። ዝቅ ሲል ነበር የምንፈራው።

ጋሼ ደመላሽ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው እያፋተጉ ያሞቁ ነበር። የወገዳ ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ እኛ ወጣቶቹ እንዲሁ በቀዝቃዛ እጃችን ሰውን እናስደነግጥ ነበር። በሽተኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እሳቸው ዝቅ ያለች ዱካ ስበው ከፊቱ ይቀመጣሉ። ካርዱን ደግሞ ወዲያው አይከፍቱትም። ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩትና መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ «ትናንት ከማን ጋር ዋልህ? ሰሞኑን ማን ደጅህን ረገጠ?» መልሱን ከካርዱ ጀርባ በእርሳስ ይጽፉታል። ከዚያ በኋላ ነው ካርዱ የሚገለበጠው።

መጀመሪያ ላይ ወሬ የሚወዱ ሰው መስለውኝ ነበር። ተሰላፊው ውጭ እየጮኸ እሳቸው «የእገሊት ልጅ ወለደች ወይ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ በየቅዳሜ ገበያው ራሴን አመመኝ እያለች የምትመጣ ሴትዮ ነበረችን። እኔ አምስት ጊዜ የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቻታለሁ። ጋሼ ግን የካርዱን ጀርባ አንብበው የመጨረሻ ልጇን ከዳረች ወዲህ ደጇን የረገጠ ሰው እንደሌለ አዩ። ኪኒን አልጻፉላትም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰላፊው ይጋፋብናል፤ ተራ የሚያሲዝ ሰው አጥተናል፤ ብታግዢን?» አሏት። ያች ሴትዮ ዓመት ሙሉ ሰውን በተራው ስታስገባ ከኛ ይልቅ የምትከበር ሆነች። ከዚያ ወዲህ ራሴን አመመኝ ስትል ሰምተናት አናውቅም። «በየትኛው መጽሐፍ ነው ይሄ ያለው?» ብዬ ስጠይቃቸው ድምፃቸው ዝቅ አለና «አንቺ መጽሐፉን ይዘሻል፤ እኔ ካርዱን ልያዝ» አሉኝ።

ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወርሁ፤ እዚያም ብዙ ዓመት ሠራሁ። በኋላ በአእምሮ ሕክምና ሰለጠንሁና የአንጎል መለኪያውን ማሽን እንድይዝ ተደረግሁ። ማሽኑ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ነበር የመጣው። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ የሚሰድ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ከራስ ቅል ላይ የምትወጣውን ጥቂት ኤሌክትሪክ እየለቀመ በሞገድ መስመር ይጽፋል እንጂ ምንም አይሰድም። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአፍንጫ መነሻ እስከ ማጅራት አጥንት በሜትር ትለካለህ፣ ነጥብ ነጥብ ታደርጋለህ፣ በየነጥቡ ጄል ቀብተህ ሽቦውን ታጣብቃለህ። የእኛ አገር ሴት ደግሞ ራሷን ቅቤ ተቀብታ ነው የምትመጣ፤ ሽቦው ይንሸራተታል። በአልኮል እያሸሁ «ቅቤሽን ልጨርስብሽ ነው» ስላቸው ይሥቃሉ። ሹሩባዋን ሳልፈታ በጉንጉኑ መካከል ማጣበቅን ማንም አላስተማረኝም፤ በጣቴ ተማርሁት።

ከሁሉም በላይ የለመድሁት ዐይን ሲጨፈን የሚመጣውን ሞገድ ነው። ሰው ነቅቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ ከራሱ በስተኋላ ወጥ የሆነ ሞገድ ይወርዳል። ዐይኑን ሲገልጥ ይጠፋል። ስንት ዓመት አይቼው አልሰለቸኝም።

አሁን መጻፍ የማልወደውን ልጻፍ።

በወር አንድ ቅዳሜ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ኪኒን ይዤ ወገዳ እወርድ ነበር። አያ ጫኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከወገዳ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ያለ ገበሬ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ይወድቅ ነበር። ኪኒኑን በጀመረ በሁለተኛው ወር መውደቁ ቆመ። በየወሩ ይመጣል። «እንዴት ነህ፣ አያ ጫኔ?» እለዋለሁ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይለኛል። «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ። ከዓመት በላይ እንዲህ ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ዱካውንም፣ ካርድ መገልበጡንም፣ የእርሳሱን ጽሑፍም ከተውሁት ቆይቼ ነበር። ለአለቆቼ በማቀርበው ሪፖርት ላይ የአያ ጫኔ ካርድ የምኮራበት ነበር።

አንድ ወር ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ከዚያ ባለቤቱ እጁን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው መጣች። ሠርግ ቤት ከማብሰያው እሳት ዳር ሆኖ ሳለ ወድቆ ቀኝ እጁ እሳት ውስጥ ገብቶ ነው። በእኛ አገር የሚወድቅ ሰው አረፋ የነካው እሱም ይወድቃል ይባላል። ሰው ሁሉ ሸሸ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ፣ እጁን ከእሳቱ ያወጣ ግን አልነበረም። ባለቤቱ ከሴቶቹ ዳስ ሮጣ እስክትደርስ ሁለቱ ጣቶቹ እንደማይሆኑ ሆነው ነበር።

«ኪኒኑን ትተኸው ነበር?» አልሁት።

«ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

ወደ መሬት እያየ ነበር የሚናገር። «መውደቁ ከተወኝ እንደ ሰው እሆናለሁ ብዬ ነበር፣ እታለም። ዓመት ሙሉ አልወደቅሁም። የምበላባት ጣባ ግን ያችው ጣባ ናት፤ ሠርግ ቤትም፣ ወንፈልም ለብቻዬ ናት የምትሰጠኝ። የሚካኤል ጽዋ ተራዬ ሲደርስ ዘለለኝ፤ ደግሞ ሲደርስ ዘለለኝ። ብወድቅም ባልወድቅም ያው ከሆነ ኪኒኑ ምን አደረገልኝ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ ይዞት ነበር። እኔ አልጠየቅሁትም።

ጡረታ ወጥተው ንፋስ መውጫ ከተማ የሚኖሩት ጋሼ ደመላሽ ዘንድ ሄድሁ። አርጅተዋል፤ እኔን ለማየት እንኳ ዐይናቸውን ያጠባሉ። ነገርኋቸው። እንዲያጽናኑኝ ነበር የሄድሁት፤ አላጽናኑኝም።

«ምን ብለሽ ነበር የምትጠይቂው?»

«እንዴት ነህ ብዬ።»

«እሱማ ሰላምታ ነው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ተመስገን የማይል ማን አለ? ቤቱ ተቃጥሎም ተመስገን ነው የሚልሽ። ሰውን ጠይቂ ነበር ያልሁሽ።»

አለቀስሁ። ሲወጣልኝ «ሰውየው በሕይወት አለ አይደለም?» አሉ። «አለ» አልኋቸው። «እንግዲያው ምን ትሠሪ እኔ ዘንድ?» አሉኝ፤ ምሳ ሳያበሉኝ ግን አልሸኙኝም። ያን ቀን ስለተቆጡኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አያ ጫኔ ኪኒኑን ወደ መውሰዱ ተመለሰ። ቁስሉም ደረቀ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ተጣብቀው ቀሩ። እኔም ዱካዬን አሠርቼ ወደ እርሳሴ ተመለስሁ። ትናንት ከማን ጋር እንደዋለ ስጠይቀው መልሱ በየወሩ አንድ ነበር፤ «ከበሬዎቼ ጋር።»

ከዚህ በኋላ ነው ተመራማሪዎቹ የመጡት። መሪዋ ዶክተር ቤዛ የምትባል፣ ከልጄ የማትበልጥ ወጣት ናት። ተንቀሳቃሽ ማሽን ይዛ እስከ አያ ጫኔ ቀበሌ መጣች፤ እኔ እንድቀዳላት ተመደብሁ። ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት ደስ እያላት ነገረችኝ።

«ሲስተር፣ ሰው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አንጎሉም ሥራ የሚፈታ ይመስልዎታል? አይፈታም። እንዲያውም ያን ጊዜ የሚበረታ ክፍል አለው። ስለ ራሱ ያስባል፣ ስለ ሰው ያስባል፤ እገሌ ምን አለኝ፣ እገሊት ምን ታስብብኛለች እያለ ያወጣል ያወርዳል።»

የምትጠይቀው ይህን ነው፤ ሰው ባረፈበት ሰዓት በአንጎሉ የሚታየው እንቅስቃሴ ከሰው ጋር ካለው ኑሮ ጋር ይገናኛል ወይ? ሰፈሬ ይቀበለኛል፣ ለሌላው እጠቅማለሁ፣ ጎረቤቴን አምናለሁ ከሚለው ጋር? መጀመሪያ መጠይቅ ይሞላል፤ ከዚያ ዐይን ተጨፍኖ ልኬቱ ይደረጋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል። «ማሽኑ ሐሳብ አያነብም፤ የአንድ ሰው ወረቀትም ለብቻው ምንም አይነግረንም» እያለች ደጋግማ ታስጠነቅቀኝ ነበር። ይህን በማለቷ ወደድኋት።

መጠይቁ ግን አገራችን ላይ ተሰናከለ። «የማኅበረሰቡ አካል እንደሆኑ ይሰማዎታል?» ሲባል ሁሉም «ተመስገን» ይላል። «በጣም ይስማማሉ፣ ይስማማሉ፣ አይስማሙም?» ስትል «ኧረ ተመስገን ነው» ይሏታል። ዶክተር ቤዛ ሁሉንም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ልታደርግ ስትል እጇን ያዝሁት። እኔም «ደህና» እያልሁ ስጽፍ የሠራሁት ስሕተት ነበር፤ አውቀዋለሁ። የጋሼ ደመላሽን ሁለት ጥያቄዎች ነገርኋት። መልሳቸውን ለራሷ በማስታወሻዋ ጥግ መጻፍ ጀመረች።

ልኬቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። «ዐይንዎን ጨፍነው ምንም ሳያስቡ ይቀመጡ» ነው የሚባለው። መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የአያ ጫኔ ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ቤተ ልሔም በተባለው ደብር ድጓ ተምረው የተመለሱ፣ ቅስናም ስላላቸው የአያ ጫኔ የነፍስ አባት። ጥምጥማቸውን በገዛ እጃቸው ፈተው በንጹሕ ነጠላ ላይ አኖሩና ተቀመጡ። ዐይናቸውን እንደጨፈኑ የመንጋጋቸው እንቅስቃሴ ወረቀቱ ላይ ሞገዱን ሁሉ አጠቆረው።

«አባ፣ ዝም ብለው ይቀመጡልኝ።»

«ዝም ብያለሁ እኮ።»

«ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል።»

«ውዳሴ ማርያም እየደገምሁ ነው። ዐይን ተጨፍኖ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?»

«ምንም አያስቡ ነው የሚባል።»

«ልጄ፣ ምንም አለማሰብን ማን ችሎት ያውቃል?» አሉ ከልባቸው ተቸግረው። ዶክተር ቤዛ ሥቃ ልትሞት ደረሰች። በሦስተኛው ሙከራ ከንፈራቸውን ይዘው ቆዩልን፤ ውስጥ ውስጡን ደግመው እንደጨረሱት ግን አልጠራጠርም።

በዚያው ቀን አያ ጫኔ ተቀመጠ። ሽቦውን አጣበቅሁ፤ ዐይኑን ጨፈነ። አሥር እስክቆጥር አልቆየም፤ ገለጠ። ጨፍን አልሁት፤ ጨፈነ፤ ገለጠና ወደ ኋላው ዞረ። ዐይን በተርገበገበ ቁጥር የግንባሩ መስመር ኮረብታ ይሠራል፤ የእሱ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ኮረብታ ሆነ።

«ምን ሆነህ ነው፣ አያ ጫኔ?»

«ከኋላዬ ማን እንዳለ ልይ ብዬ ነው።»

ማንም አልነበረም። ወንበሩን ከግድግዳ አስጠግቼ ጀርባውን አስደገፍሁት፤ ያው ሆነ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላው ሲንሾካሾክ ወይ ሊወድቅ ነው ብሎ ሲሸሽ ስለሚሰማው፣ ሰው ባለበት ዐይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ዶክተር ቤዛ ወረቀቱን አይታ «አይሆንም፣ ሲስተር፤ ይህንን አንጠቀምበትም» አለች። ትክክል ናት። ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

መሪጌታን ልሸኛቸው ወጣሁ። ጥምጥማቸውን እያጠበቁ ሳሉ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ የሚካኤል ጽዋ አያ ጫኔን ለምን ይዘለዋል?»

«ሰው ይፈራል።»

«እርስዎስ?»

ቆሙ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። «እኔ የነፍስ አባቱ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ጠበል እረጭለታለሁ፣ ቤቱን እባርካለሁ። ተቀምጬ ግን ከቤቱ ቀምሼ አላውቅም። ጾም ነው እላለሁ፣ ቸኩያለሁ እላለሁ። ማንም እስከ ዛሬ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ጥምጥማቸውን አጥብቀው ሄዱ። በወሩ በአሥራ ሁለት ማኅበሩ ካለበት ቤት እንድመጣ ላኩብኝ።

ሄድሁ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተጠጣ በኋላ፣ ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ መሪ፣ ጽዋውን አንሥቶ የሚቀጥለውን ተረኛ ሊጠራ ተነሣ። አያ ጫኔ በር አጠገብ ጣባውን ይዞ ተቀምጧል። ሙሴው የሌላ ሰው ስም ጠራ።

«ተራው የማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

አንዲት ሴት «አባ፣ ያውቁት የለ፤ ልጆች አሉን» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ፈርታ ነው።

እንድናገር አስፈቀድሁ። ብዙ አልተናገርሁም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚወድቁ ሰዎችን አረፋ በዚህ እጄ ጠርጌአለሁ፤ ይኸው ቆሜአለሁ» አልሁ። «ሕመሙ የአንጎል ነው፤ በዋንጫም በእጅም አይጋባም። ኪኒኑ መውደቁን ይይዝለታል። ኪኒኑን ያስተወው ግን እኛ ነን፤ እናንተ ዘለላችሁት፣ እኔ ደግሞ ሳልጠይቀው ቀረሁ።» ተቀመጥሁ።

መሪጌታ ተነሡ። እኔ ስለ ሕመሙ የሚጨምሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ በማኅበሩ ፊት ደገሙት፤ ጾም ነው ማለታቸውን፣ ቸኩያለሁ ማለታቸውን። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው ከአያ ጫኔ ጣባ ቆርሰው በሉ። «የሚቀጥለው ወር ጽዋ ከጫኔ ቤት ነው፤ እኔ እመጣለሁ» አሉ።

ሙሴው ጽዋውን ይዞ ቀረበ፤ ወደ ተቃጠለው እጅ አይቶ እንዴት እንደሚያቀብል ጨነቀው። አያ ጫኔ ጋቢውን ዘረጋ፤ በጋቢው ተቀበለው፤ ደረቱ ላይ አቀፈው። እንደ ደንቡ እየዘመሩ እቤቱ ድረስ ሸኙት። በሚቀጥለው ወር የሁለት ቤት ሰዎች ቀርተዋል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የቀሩት ግን መጥተው በልተዋል።

ሁለተኛው ልኬት በመኸር ደረሰ፤ ለእኔ የመጨረሻው የሥራ ወር ነበር። አያ ጫኔ ጭድ በልብሱ ላይ እንዳለ መጣ። ካርዱን ገለበጥሁ።

«ትናንት ከማን ጋር ዋልህ?»

«ከሙሴው ጋር። የእሱን ጤፍ በወንፈል ስናጭድ ዋልን፤ ዛሬም ከዚያው ነው የመጣሁ።»

«ጣባህስ?»

«የትኛዋ?» አለና አስታወሰ። «እሷንማ ዶሮዎች ውኃ ይጠጡባታል።»

እጄን አፋትጌ አሞቅሁ፤ ለካሁ፤ ጄሉን ቀባሁ፤ ሽቦውን አጣበቅሁ። ወንበሩ ከክፍሉ መካከል ነው፤ ከጀርባው ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ቆመው ያወራሉ። ዐይኑን ጨፈነ። ኮረብታውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ያ ስወደው የኖርሁት ረጋ ያለ ሞገድ ከራሱ ኋላ ወረደ፤ ከአያ ጫኔ ራስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥቂት ቆየና ሞገዱ መሳሳት፣ መቆራረጥ ጀመረ። ይህን ሥራ የሠራ ያውቀዋል፤ ሰውየው ሊያንቀላፋ ነው። ደንቡ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ መቀስቀስ ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስመታ ኖሬአለሁ። አንገቱ ዘንበል አለ፤ የተቃጠለው እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ ተኛ።

«ሲስተር፣ እየተኛ ነው» አለች ዶክተር ቤዛ።

«አያለሁ።»

«ካልቀሰቀሱት ይሄም ቅጂ አይሆንም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አልኋት።

ከኋላ የቆሙት ሰዎች ማንኮራፋቱን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዳቸውም አልሸሹም። እኔም ጠረጴዛውን አልመታሁትም።